ኤፍ1ቢ ወይስ ኤፍ2? ቀብዱን ከመክፈልሽ በፊት

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ‹ውሻ ካልተገዛልኝ› ብላ ዓመት ሙሉ ስትነዘንዘን ቆይታ አሁን እኔና ባለቤቴ እጅ ሰጥተናል። ችግሩ፣ ውሻ ያለበት ጓደኛዋ ቤት ስትሄድ ዓይኗ ይቀላል፣ ታስነጥሳለች። ሰዎች ‹ጎልደንዱድል ግዙ፣ ጸጉሩ አይረግፍም፣ አለርጂም አያስነሳም› አሉን። ሁለት ቡችላ አገኘሁ። አንዱ ‹ኤፍ1ቢ› ይላል፣ 2,800 ዶላር ነው። ሌላው ‹ኤፍ2› ነው፣ 1,600 ዶላር። የኤፍ2ቱ ሻጭ ‹ጸጉሩ ልስልስ ስለሆነ ማበጠር አያስቸግርም› ብላኛለች። የሁለቱንም ፎቶ ልኬልዎታለሁ። እነዚህ ፊደሎች ምን ማለት ናቸው? ባለቤቴ ‹ውሻ ውሻ ነው፣ ርካሹን ግዢ› ይላል። የኤፍ1ቢው ሻጭ ደግሞ እስከ ዓርብ 500 ዶላር ቀብድ ካልከፈልሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ ብላለች። በዚያ ላይ አማቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ነጠላቸው ላይ የውሻ ጸጉር ቢያዩ ምን እንደሚሉኝ እግዜር ይወቀው።
ግራ የገባት እናት»

እህቴ፣ ‹ጋሼ› ካልሽኝ አይቀር አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የዓርቡን ነገር እንጨርስ። ዓርብ ምንም አትክፈዪ። በቀነ ገደብ የሚያስጨንቅ ሻጭ መኪናም ይሽጥ ቡችላ ያው ነው። ውሻ ከአሥር ዓመት በላይ አብሮሽ የሚኖር ፍጡር ነው። አንድ ሳምንት መታገስ ያቃተው ሰው ቡችላውን በትዕግሥት አሳድጎታል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። አሁን ወደ ፊደሎቹ።

ያደግኩት ሰላሌ ነው። አባቴ የወተት ላሞች ነበሩት። የሰላሌ ሰው ጊደር ሊገዛ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሟ አይደለም። «ስንት በመቶ ናት?» ነው የሚለው። የአገር ላም ከፈረንጅ ኮርማ የወለደቻት ጊደር ሃምሳ በመቶ ትባላለች። ያቺ ጊደር አድጋ እንደገና ከፈረንጅ ኮርማ ስትወልድ ጥጃዋ 75 በመቶ ትሆናለች። ሃምሳ በመቶዎቹን እርስ በርሳቸው ብታዳቅያቸው ደግሞ የሚወለደው በወረቀት ላይ ያው ሃምሳ ነው።

ዱድል ማለት ከፑድል ጋር የተዳቀለ ውሻ ነው። የእሱም ፊደል ከዚህ አይዘልም። ፈረንጁ ኮርማ ፑድል ነው በይ። የአገሯ ላም ጎልደን ሪትሪቨር ናት፣ ባትቀየመኝ። የሁለቱ ልጅ ኤፍ1 ነው፤ ሃምሳ ሃምሳ። ‹ኤፍ› ልጅ ከሚል የላቲን ቃል የመጣች ናት፣ ቁጥሩ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ‹ቢ› ከተጨመረች «መልሰን ከንጹሕ ዘር ጋር አዳቀልነው» ማለት ነው። ያ ንጹሕ ዘር በዱድል ገበያ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ፑድል ነው። ስለዚህ ኤፍ1ቢ 75 በመቶ ፑድል ነው። ሁለት ‹ቢ› ካየሽ 87.5 በመቶ ደርሷል። ኤፍ2 ሁለት ኤፍ1ዎች ተገናኝተው የወለዱት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ‹መልቲጄን› ብለው ይጠቀልሉታል። ኤፍ2ቢ የሚለውን አንዱ አርቢ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይተረጉመዋል። እንዲህ ሲሆን ፊደሉን ትተሽ «እናቱ ምንድን ናት? አባቱስ?» ብለሽ ጠይቂ። ዱድል ኤኬሲ በሚባለው የአሜሪካ የውሻ ክበብ እንደ አንድ ዘር አልተመዘገበም። ፊደሉን የጻፈው ሻጩ ራሱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። አባቴ ጋ ሁለት እህትማማች 75 በመቶዎች ነበሩ። አንዷ ጥቁርና ነጭ፣ ጀርባዋ ለጥ ያለ፣ ጡቷ መሬት ሊነካ የሚደርስ። ሌላዋ ሻኛዋ ጉብ ያለ፣ ከአገር ላም የማትለይ። በወረቀት እኩል ናቸው። በባልዲ ግን አይገናኙም። በመቶኛው ምን ያህል የፑድል ደም እንደገባ ይነግርሻል፣ ምኑ እንደወጣ ግን አይነግርሽም። አንቺ ደግሞ የምትገዢው የወጣውን ነው።

ይህን ቀድሞ የቀመሰው ራሱ ላብራዱድልን ዝነኛ ያደረገው ሰው ነው። ዋሊ ኮንሮን ይባላል። አውስትራሊያ ውስጥ ለዓይነ ሥውራን መሪ ውሾችን በሚያሠለጥን ድርጅት የማዳቀሉን ሥራ ይመራ ነበር። ሃዋይ የምትኖር ማየት የተሳናት ሴት መሪ ውሻ ፈለገች። ባሏን ግን የውሻ ጸጉር አይስማማውም። ኮንሮን በሦስት ዓመት ውስጥ 33 ፑድሎች ሞከረ። ለመሪነት የበቃ አንድም አልተገኘም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1989 ፑድልን ከላብራዶር አዳቀለ። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። የሦስቱንም ጸጉርና ምራቅ ወደ ሃዋይ ላከ። ለሰውዬው የተስማማው የአንዱ ብቻ ሆነ። ልብ በይ፣ ሦስቱም ኤፍ1 ናቸው። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ልደት። መጀመሪያ ክልስ ውሻ የሚወስድ ሰው አጥቶ ነበር። ‹ላብራዱድል› ብሎ ስም ሲሰጠው ግን ፈላጊው ጎረፈ። በኋላ ማንም እየተነሳ ያለ ምርመራ ሲያባዛው አይቶ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

እንግዲህ ፊደሉ ካልነገረን ምን ይነግረናል? ጂኑ። ይህ ደግሞ የጎረቤትሽ ሥራ ነው። ከአንቺ ሰፈር ብዙም በማይርቀው ቤተስዳ ያሉ የብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ጥናት አወጡ። ከ80 ዘር የተውጣጡ ከ1,000 በላይ ውሾችን ተመልክተዋል። የአብዛኛውን ንጹሕ ዘር ውሻ የጸጉር ዓይነት የሚወስኑት ሦስት ጂኖች ሆነው ተገኙ። አንዱ የርዝመት፣ አንዱ የጥቅልልነት፣ አንዱ የጺም። የመርገፍ ነገር ላይ እጁ ያለበት አራተኛ ጂን ደግሞ በኋላ ተጨመረ።

ጺም ቀልድ ይመስላል። ለአንቺ ጉዳይ ግን ዋናው እሱ ነው። ይህ ጂን ያለው ውሻ አፉ ዙሪያ ጺምና ሪዝ ያበቅላል፣ ቅንድቡ ይረዝማል። አርቢዎች ‹ፈርኒሺንግ› ይሉታል። ጺማም ውሻ ጸጉሩ ከሌላው ያነሰ ነው የሚረግፈው። ፑድል የዚህ ጂን ሁለት ቅጂ አለው። ጎልደን ምንም የለውም። ቡችላ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወስዳል። ጺም ለማብቀል አንድ ቅጂ ይበቃል። ስለዚህ ኤፍ1 ሁሉ ጺማም ነው። ኤፍ1ቢም ከፑድል ወላጁ ቢያንስ አንድ ማግኘቱ አይቀርም። ነገር የሚመጣው ኤፍ2 ላይ ነው። እናትም አባትም ያላቸው አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሁለት ሳንቲም አንድ ላይ እንደ መወርወር ቁጠሪው። ዘውድ ከወጣ ጺም፣ ጎፈር ከወጣ ባዶ። ሁለቱም ጎፈር የሚሆኑበት ጊዜ አለ፣ በአማካይ ከአራት አንዱ። ያ ቡችላ ጺም አያበቅልም። ፊቱ የጎልደን ፊት ነው፣ ጸጉሩም እንደ ጎልደን ይረግፋል። ‹ፍላት ኮት› ይሉታል።

(የድቅል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦባማ ለልጆቹ ውሻ ሲመርጥ የማሊያ አለርጂ ነበር ያሳሰበው። ላብራዱድል ወይስ የፖርቹጋል የውሃ ውሻ ሲባል ቆይቶ ‹ቦ› ተመረጠ። ያ የፖርቹጋል ዘር እንኳ ንጹሕ ሆኖ ሳለ አንዳንዴ ጺም የሌለው ቡችላ ይወልዳል።)

አሁን የላክሽልኝን ፎቶ ክፈቺ። የኤፍ2ቱን። አፍንጫውን ሳይሆን ከአፍንጫው በላይ እስከ ዓይኑ መሃል ያለውን ተመልከቺ። ጸጉሩ አጭርና የተኛ ነው፣ በመዳፍ የተዳበሰ ይመስላል። አገጩ ሥር ምንም የለም። ግንባሩ ላይ ዓይኑን የሚጋርድ ነገር የለም። አሁን የኤፍ1ቢውን አጠገቡ አድርጊው። ከዓይኖቹ መሃል የተነሳው ጸጉር ወደ ላይና ወደ ጎን ተበትኗል፣ አፉ ዙሪያ ደግሞ ወተት ጠጥቶ ያልጠረገ ይመስላል። የስምንት ሳምንት ቡችላ ላይ ይህ በደንብ ይለያል። ‹ልስልስ ነው፣ ማበጠር አያስቸግርም› ያለችሽ ሻጭ አልዋሸችም። እውነቱን ግን ግማሹን ነው የነገረችሽ። ያ ቡችላ ጎፈር ጎፈር የወጣበት ነው። ለማበጠር ቀላል ነው። ሶፋሽ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል።

እዚህ ላይ ለባለቤትሽ ልከራከርለት። አለርጂ የሌለበት ቤት ቢሆን እኔም ርካሹን ነበር የምለው። ፍላት ኮት ዱድል እንደ ጉድለት ስለሚታይ ዋጋው ይወርዳል። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ብሩሽ፣ አንድ ጠንካራ ቫክዩም ክሊነር፣ ከዚያ በቃ። ጸጉሩ አይቆላለፍም፣ በየወሩ ተኩል አስተካካይ ጋ መመላለስ የለም። የጎልደን ጠባይና የፑድል ብልጠት በ1,600 ዶላር መጥፎ ገበያ አይደለም።

ጥቅልልነቱ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ከፈረንጁ ይበልጣል፤ ሉጫ፣ ዞማ፣ ከርዳዳ ብለን ለይተን ጨርሰናል። ፑድል ከርዳዳ ነው፣ ጂኑ ሁለት ቅጂ አለው። ጎልደን አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለውም። የሁለቱ ልጅ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሚያገኝ መሃል ላይ ይቆማል። ጸጉሩ እንደ ማዕበል ይተኛል፣ ይነሳል። ሰው ‹ጎልደንዱድል› ሲባል በዓይነ ህሊናው የሚያየው ይህን ነው። ኤፍ1ቢ ላይ ሲመጣ በግምት ግማሾቹ ከርዳዳ፣ ግማሾቹ ማዕበላማ ይሆናሉ። ኤፍ2 ላይ ሦስቱም ዓይነት በአንድ ልደት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ላብራዱድል ላይ ደግሞ የርዝመት ጂን ይጨመራል። ላብራዶር አጭር ጸጉር ስለሆነ የመጀመሪያው ትውልድ ብዙውን ጊዜ ቆርቆር ያለ፣ አጠር ያለ ጺማም ነው የሚሆነው።

የመርገፍ ጂንም እንደዚያው ነው። ኤፍ1ቢ ከሆኑት ውስጥ በግምት ግማሾቹ ከጎልደኑ ወገን አንድ የሚያረግፍ ቅጂ ይዘው ይወለዳሉ። ስለዚህ ‹ኤፍ1ቢ ስለሆነ አይረግፍም› ማለት ልክ አይደለም። ‹ኤፍ1ቢ ስለሆነ ብዙ ላይረግፍ ይችላል› ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ሶፋሽ ላይ ይታያል።

መፍትሔ አለው። ይህ ሁሉ በዲኤንኤ ይታያል። የቡችላውን ወይም የወላጆቹን ጉንጭ ከውስጥ በጥጥ ጠርጎ ለላብራቶሪ መላክ ብቻ ነው። ሥራውን የሚያውቅ አርቢ ውጤቱን ሳትጠይቂው ያሳይሻል። ወረቀቱን ስታዪ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ‹ኤፍ/ኤፍ› የሚል ታያለሽ። ይህ ኤፍ የትውልዱ ኤፍ አይደለም፣ የጺሙ ነው። ‹ኤፍ/ኤፍ› ሁለት የጺም ቅጂ አለው ማለት ነው። ‹ኤፍ/አይሲ› አንድ። ‹አይሲ/አይሲ› ምንም። «የጺምና የመርገፍ ምርመራውን ልታሳዪኝ ትችያለሽ?» በያት። «ምን ያስፈልግሻል፣ ኤፍ1ቢ ነው አልኩሽ» ካለችሽ አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ።

‹ቴዲ ቤር› የሚለውን እንኳ እርሺው። እሱ ዘርም ጂንም አይደለም። መቀስ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፣ ወደ ልጅሽ ማስነጠስ። እስካሁን ያወራነው ስለ ጸጉር ነው። አለርጂ የሚያስነሳው ግን ጸጉሩ አይደለም። ምራቁ፣ ፎረፎሩና ሽንቱ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ውሻ ሰውነቱን ይልሳል፣ ምራቁ ይደርቃል፣ ብናኙ ቤቱን ይሞላል። ዋናው ፕሮቲን ‹ካን ኤፍ 1› ይባላል። (አዎ፣ ሦስተኛ ኤፍ። ይቺኛዋ ከውሻ የላቲን ስም የመጣች ናት። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።) እ.ኤ.አ. በ2012 የሆላንድ ተመራማሪዎች አለርጂ አያስነሱም የሚባሉትን ውሾች፣ ላብራዱድልና ፑድልንም ጨምረው፣ ከሌሎች ጋር አነጻጸሩ። ካን ኤፍ 1 በእነሱ ጸጉር ላይ አንሶ ሳይሆን በዝቶ ተገኘ። ላብራዱድል ያለባቸው ቤቶች ወለል ላይ ባለው አቧራ ውስጥ ፕሮቲኑ አነስ ያለ ነበር፣ አየሩ ላይ ግን ልዩነት አላዩም። ስለዚህ ‹ሃይፖአለርጀኒክ› (አለርጂ የማያስነሳ ለማለት ነው) የሚለውን ቃል ማስታወቂያ ላይ ስታዪ እንደ ‹ኦሪጅናል› ቁጠሪው። መርካቶ ላይ ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጅቷን መጀመሪያ አለርጂ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ‹ውሻ አይስማማትም› የሚለውን ብቻ ሳይሆን የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ የሚለይ የደም ምርመራ እንዳለ ጠይቂ። ምክንያት አለኝ። ‹ካን ኤፍ 5› የሚባል ፕሮቲን አለ፣ የሚመነጨው ከወንድ ውሻ ፕሮስቴት ነው። የማይስማማቸው እሱ ብቻ የሆነ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ከሴት ውሻ ጋር ሊስማሙ ይችላሉ። ልጅሽ ከነሱ ከሆነች ጥያቄው የፊደል መሆኑ ቀርቶ የጾታ ይሆናል። ቀጥሎ፣ ልጅሽን ይዘሽ አርቢዋ ቤት ሂጂ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ከቡችላው ጋርም፣ ከእናቱም ጋር ቢያንስ አንድ ሰዓት ትቀመጥ። ታቅፈው፣ ፊቷን ይላሳት። ማታ ዓይኗን እዪ። ሃዋይ ያለው ሰውዬ በምራቅና በጸጉር የሞከረውን አንቺ በአካል ትሞክሪዋለሽ። አስም ካለባት ግን ይህን ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሪ እንዳታደርጊው።

አርቢዋ «ቤቴ አይመጣም፣ ፓርኪንግ ቦታ እንገናኝ» ካለችሽ ሌላ ፈልጊ። በሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ የቤት እንስሳት ሱቆች ውሻና ድመት እንዳይሸጡ በሕግ ተከልክለዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ገበያው ግን ወደ ኢንተርኔት ዞረ። እናቲቱን ያላሳየሽ ሰው ቡችላውን ከየት እንዳመጣው አታውቂም። በዚያው የሁለቱንም ወላጆች የዳሌ ራጅና የዓይን ምርመራ ውጤት ጠይቂ። እሱ ከጸጉር በላይ ነው፣ ግን አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ጸጉር ስለሆነ አልፈዋለሁ።

አንድ ነገር ማንም አይነግርሽም፣ እኔ ልንገርሽ። የማይረግፍ ጸጉር የት ይሄዳል? የትም። ያረጀው ጸጉር መውደቅ ሲገባው እዚያው ውስጥ ይቀራል፣ ከአዲሱ ጋር ይጠላለፋል። የረገፈ ጸጉር በቫክዩም ይነሳል። ያልረገፈው በእጅሽ ነው የሚነሳው።

እኔ ቤት ያለው ኤፍ1 ጎልደንዱድል ነው። ልጆቹ ሌላ ስም አውጥተውለታል፣ እኔ ቡቺ ነው የምለው፣ እሱም የሚመጣው ለእኔ ነው። እስከ ስምንት ወሩ ጸጉሩ ሐር ነበር። በሳምንት አንዴ ላይ ላዩን ብሩሽ ሳደርግለት እንደ ጎበዝ እቆጠር ነበር። ቡችላ ግን ከስድስት ወሩ እስከ ዓመቱ አካባቢ ጸጉሩን ይለውጣል። የልጅነቱ ጸጉር ሳይወጣ የአዋቂው ከሥር ይመጣል። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ የሚተበተቡት። እኔ አላወቅኩም። አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ መጣ። ሳላበጥር መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ከትቼ በሻምፑ አሸሁት። ሲደርቅ ጸጉሩ ባና ሆነ። ከላይ ሳየው ደህና ነው። ጣቴን ብብቱ ሥር ሳስገባ ግን ቆዳው ጋ አልደርስም። አንድ ወጥ ጨርቅ ሆኗል። ስጎትተው ያለቅሳል።

አስተካካይዋ ጋ ስወስደው በማበጠሪያዋ አንድ ጊዜ ሞከረች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ «ይላጫል» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሸለቱት በግ አስረከበችኝ። ከጆሮው ኋላና ከአንገት ማሰሪያው ሥር ቆዳው ቀልቶ ነበር። የተቆላለፈ ጸጉር ሲንቀሳቀስ ሁሉ ቆዳውን ይስባል፣ አየር አያስገባም፣ እርጥበት ይይዛል። እሱ ሲሠቃይ እኔ ‹ፍንድቅድቅ ያለ ውሻ› እያልኩ ፎቶ አነሳው ነበር። ልጆቼ ለሦስት ቀን አላናገሩኝም።

ስለዚህ ኤፍ1ቢውን ከወሰድሽ እንዲህ አድርጊ። ስሊከር የሚባል ቀጫጭን የሽቦ ጥርስ ያለው ብሩሽና አንድ የብረት ማበጠሪያ ግዢ። ውሻውን ጎኑ ላይ አስተኚው። አሁን ሹሩባ ልትሠሪ እንደሆነ አስቢ። ሹሩባ ሠሪ ጸጉሩን በአንዴ አትይዝም፣ በሚዶ ጫፍ መስመር ትከፍላለች፣ የራስ ቅሉ ቆዳ ይታያል፣ ከዚያ ቀጣዩን። እንደዚያው ነው። በአንድ እጅሽ ጸጉሩን ወደ ላይ ያዢ፣ ቆዳው በመስመር ይታይ፣ ከሥር ጀምረሽ ወደ ውጪ ብሩሺ፣ ቀጣዩን መስመር ልቀቂ። በመጨረሻ የብረት ማበጠሪያውን ከቆዳው ጀምረሽ ሳቢ። ሳይያዝ ከወጣ አልቋል። ከተያዘ ገና ነው። ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ ከአንገት ማሰሪያ ሥር፣ ከጭን መሃል፣ የጭራ ሥር። ጠላቶችሽ እነዚህ ናቸው። ከርዳዳ ከሆነ በየቀኑ፣ ማዕበላማ ከሆነ ቢያንስ በየሁለት ቀኑ። ጸጉር በሚለውጥበት ወራት ያለ ድርድር በየቀኑ። ከውሃ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ማበጠሪያ። ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል። እኔ ያን የከፈልኩበት ትምህርት ነው።

‹ዓመት ሳይሞላው ጸጉሩ አይቆረጥ› የሚሉ ይገጥሙሻል። አትስሚያቸው። ክትባቱን እንደጨረሰ፣ በአራት ወሩ አካባቢ፣ ጥፍሩን ለማስተካከልና ፊቱን ለማጽዳት ብቻ እንኳ አስተካካይ ጋ ውሰጂው። የመቀሱን ድምፅ በልጅነቱ ይልመድ። ከዚያ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ነው። እኔ ለቡቺ ከነቲፑ 120 ዶላር እከፍላለሁ። በዓመት ሰባት ጊዜ ብትሄጂ 840 ዶላር ነው። ባለቤትሽን ይህን አስልተሽ ንገሪው። የሁለቱን ቡችሎች ዋጋ ያራራቀው 1,200 ዶላር ነው። ኤፍ1ቢው የጸጉሩን ወጪ በሁለተኛው ዓመት ከዚያ ያሳልፈዋል። ውዱ ውሻ ውድ የሚሆነው ከገዛሽው በኋላ ነው። ወይም ራስሽ መቁረጥ ተማሪ። ቀላል ቁርጥ፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አድርጎ መላውን እኩል መከርከም፣ ቤት ውስጥ ይቻላል። ቆንጆ አይሆንም። ንጹሕ ይሆናል።

ልጅቷ ብሩሹን እኔ እይዛለሁ ብላ ቃል ገብታለች አይደል? የእኔም ልጆች ገብተው ነበር።

እንግዲህ ብይኔ ይኸው። የልጅሽ ምርመራ ከመጣና ከኤፍ1ቢው ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀምጣ ካላስነጠሰች፣ የጺሙን ወረቀት ካየሽ፣ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ብሩሽ የሚይዝ ሰው በስም ከተመደበ ውሰጂው። ካስነጠሰች የትኛውም ፊደል አያድናትም፣ ዓሣ ግዥላት። ምርመራው ‹አለርጂው ከድመት ነው፣ ከውሻ አይደለም› ካለ ደግሞ (የጓደኛዋ ቤት ድመት እንደሌለ እርግጠኛ ነሽ?) ያን ጺም የለሹን ኤፍ2 ያለ ሐሳብ ግዢው። ባልሽ ትክክል ነበር በይው፣ አንዳንዴ ይጠቅማል።

የአማትሽን ነገር አልረሳሁም። በፎቶው ላይ ኤፍ2ቱ ክሬም ነው። ነጠላ ላይ አይታይም። የሚታየው በጥቁር ካፖርት ላይ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ካፖርት የምትገዙላቸው እናንተ ናችሁ። ግራጫ ግዙላቸው።